የመጀመሪያ የጉዞ ተሳቢ ለጣና ዙሪያ፦ የትኛውን ልግዛ?

የዘንዘልማዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለቤተሰብ ጉዞ የሚሆን፣ መኝታና ትንሽ ማብሰያ ያለው ተሳቢ ልገዛ አስቤአለሁ። ተሳቢ ጎትቼ አላውቅም። መኪናው ሃይሉክስ ደብል ጋቢና፣ 3.0 ቱርቦ ናፍጣ ነው፤ ማኑዋሉ ፍሬን ላለው ተሳቢ 2,500 ኪሎ፣ ፍሬን ለሌለው 750 ኪሎ ይላል። ተጓዦቹ ሁለት አዋቂና ሁለት ልጆች ነን። መንገዳችን ጢስ አባይ፣ ዘጌ፣ ቁንዝላ፣ ጎንደርና ጎርጎራ፣ አልፎ አልፎም ደብረ ታቦር ነው።

ሦስት አማራጭ ቀርቦልኛል።
ሀ) አሜሪካ የተሠራ፣ በዱባይ በኩል የመጣ፣ 6 ሜትር የሚሆን፣ ኤሲና መታጠቢያ ያለው።
ለ) አውሮፓ የተሠራ ያገለገለ ትንሽ ካራቫን፣ ባለ አንድ አክስል።
ሐ) እዚሁ ባሕር ዳር ብረታ ብረት ቤት ማሠራት።

ልቤ ያለው “ሀ” ላይ ነው። ከመክፈሌ በፊት ምን ልይ፣ ምንስ ልጠይቅ?

ባሌስትራ፦
እህቴ፣ ከአልጋውና ከመታጠቢያው በፊት ሁለት ነገር ተመልከቺ፤ ክብደቱንና እግሩን። እግሩ ስል አክስሉን፣ ኩሽኔታውን (ጎማው የሚሽከረከርበትን)፣ ባሌስትራውንና ጎማውን ማለቴ ነው። የቁም ሣጥን በር ቢሰበር ጉዞ ይቀጥላል። ኩሽኔታ ሐሙሲት ላይ ከተቃጠለና ዓይነቱ ባሕር ዳር ከሌለ ግን ተሳቢው እዚያው ይቀራል።

ክብደቱን ከሻጩ አፍ አትውሰጂ። በሩ አጠገብ ወይም መጎተቻው ብረት ላይ የተመታ ሰሌዳ አለ፤ እዚያ ላይ ሁለት ቁጥር ታገኛለሽ፤ ባዶ ክብደትና ከነጭነቱ የተፈቀደለት ከፍተኛ ክብደት። ሻጭ የሚጠራው ባዶውን ነው። የሁለቱ ልዩነት እናንተ ልትጭኑ የምትችሉት ነው። ለአራት ሰው የሦስት ሌሊት ጉዞ በግምት እንዲህ ይደመራል፦ ውኃ 60 ሊትር 60 ኪሎ፤ የ12.5 ኪሎ ጋዝ ከነሲሊንደሩ 26፤ ባለ 100 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 30፤ ስኮርታ ጎማ ከነቸርኬው 28፤ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና ልብስ 50፤ ምግብና ድስት 45፤ ፍሪጅ 20፤ ሸራ ከነምሰሶው 25፤ ወንበርና ጠረጴዛ 20፤ ክሪክ፣ ታኮና መፍቻ 20። ድምሩ 324 ኪሎ ነው። ልዩነቱ ከዚህ ያነሰ ተሳቢ ገና ከግቢ ሳይወጣ ከአቅሙ በላይ ጭኗል።

ሰሌዳዎቹን አንብቢና ቁጥሩን እዚህ ጻፊልን።

የዘንዘልማዋ፦
አመሰግናለሁ ጋሼ። “ሀ” ባዶው 1,770፣ ከፍተኛው 2,360 ኪሎ ይላል። “ለ” ባዶው 780፣ ከፍተኛው 1,000 ኪሎ ነው። “ሀ” ከ2,500 በታች ስለሆነ መኪናው አይችለውም?

ባሌስትራ፦
ለመጎተት ይችለዋል። የሚቸገረው ለመሸከም ነው። ተሳቢ ከክብደቱ ከፊሉን መኪናው ጋንቾ (ተሳቢው የሚታሰርበት መጎተቻ) ላይ ያሳርፋል። ለእንዲህ ያለ ተሳቢ ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ይታሰባል። 2,300 ኪሎ ብትጭኚና 12 በመቶ ብንል 276 ኪሎ የሃይሉክሱ ጀርባ ላይ ያርፋል ማለት ነው። ይህ ከመኪናው የመጫን አቅም ላይ ይቀነሳል፤ አራት ሰው፣ ናፍጣና ሻንጣ ደግሞ አለ። ጋንቾው ራሱም የሚፈቀድለት የቁልቁል ክብደት አለው፤ እሱ ላይ የተመታውን ቁጥር አንብቢ። ኋላው ሲጫን ፊቱ ይነሣል። የፊት ጎማ ከቀለለ መሪውም ፍሬኑም ይደክማል።

ያንን ክብደት ለማቃለል ዕቃውን ወደ ኋላ ማሸሽ ደግሞ የባሰ ነው። ጋንቾ ላይ በቂ ክብደት የማያሳርፍ ተሳቢ በ70 እና በ80 ፍጥነት ጅራቱን ግራና ቀኝ መወርወር ይጀምራል። ብዙዎቹ ግልበጣዎች የሚጀምሩት ከዚህ ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። ተሳቢውን እንደምትጓዢበት ጫኚና ደልዳላ ቦታ አቁሚ። የሰው ሚዛን መሬት ላይ አስቀምጪና፣ መኪናው ላይ ሲታሰር በሚኖረው ከፍታ ልክ የተቆረጠ አጣና ሚዛኑና የመጎተቻው ጭንቅላት መካከል አቁመሽ ተሳቢውን አሳርፊበት። ጠቅላላውን ደግሞ እህል የጫነ መኪና የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ታገኛለሽ። 1,000 ኪሎ ለጫነ ተሳቢ 100 ኪሎ ገደማ ካነበብሽ ጥሩ ነው፤ 40 ካነበብሽ ከባዱን ወደ አክስሉና ከአክስሉ ፊት አምጪው።

“ለ” የሚፈቅድልሽ 220 ኪሎ ብቻ ነው። ሆኖም ሃይሉክስ ስላለሽ ውኃውን፣ ስኮርታውን፣ ወንበርና ጠረጴዛውን፣ የመፍቻውን ሣጥን መኪናው ላይ ብትጭኚ 128 ኪሎ ይቀንሳል፤ 196 ይቀራል። እንዲያ ከሆነ ያዋጣል።

12 ቮልት፦
“ሀ” ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ የተሠራ ተሳቢ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ሆቴል ግቢ ገብታችሁ በአዳፕተር በቀጥታ ከሰካችሁት ቻርጀሩ፣ ማይክሮዌቩና ኤሲው በሰከንዶች ይቃጠላሉ። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይቀይርም፤ ስለዚህ የኤሲው ሞተር እየሞቀ ይሠራል። ወደ 220 መመለስ ማለት ቻርጀሩን፣ ማቋረጫዎቹን፣ ሶኬቶቹንና ኤሲውን መቀየር ነው። ይህን ወጪ ዋጋው ላይ ደምሪ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች ማታው ይቀዘቅዛል፤ ለእንቅልፍ ኤሲ አያስፈልግም። ሁለት መስኮትና ከጣሪያ አየር ማስወጫ ማራገቢያ ይበቃሉ።

ሁለተኛው ፍሬኑ ነው። የአሜሪካኖቹ ፍሬን በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። መኪናው ውስጥ መቆጣጠሪያ ካልተገጠመ ተሳቢው ፍሬን የለውም ማለት ነው፤ ማኑዋሉ ደግሞ ፍሬን ለሌለው 750 ነው የሚልሽ። የአውሮፓው ግን ሜካኒካል ነው። መኪናው ሲይዝ ተሳቢው ወደ ፊት ይገፋል፣ ግፊቱ ራሱ ፍሬኑን ይስባል። ሽቦ አይፈልግም፣ ማንኛውም የፍሬን ባለሙያ ሊጠግነው ይችላል።

ስለ ፍሪጁም ጠይቂ። በጋዝ የሚሠራው ፍሪጅ ከ1,700 ሜትር ገደማ በላይ በጋዝ ሲሠራ ይደክማል፣ እሳቱም ይጠፋል። ጣና ራሱ ወደ 1,790 ሜትር ነው፤ ጎንደርና ደብረ ታቦር ከዚያም በላይ ናቸው። ደግሞ ደልዳላ ካልቆመ አይቀዘቅዝም። ባለ 12 ቮልት ኮምፕሬሰር ፍሪጅ ይሻላል። 50 ሊትር የሚይዘው በቀን ከ400 እስከ 500 ዋት-ሰዓት ይበላል። ጣሪያ ላይ የተነጠፈ 200 ዋት ሶላር በባሕር ዳር የበጋ ፀሐይ በቀን 750 ዋት-ሰዓት አካባቢ ይሰጣል፤ ለፍሪጁ፣ ለኤልኢዲ መብራትና ለስልክ ይበቃል። በክረምት ደመና ግማሹን አትጠብቂ።

ላሜራ፦
የጋሼን ምክር አከብራለሁ፤ “ለ” ላይ ግን አልስማማም። የአውሮፓዎቹ ትንንሽ ካራቫኖች ባሌስትራ የላቸውም። አክስሉ በቱቦ ውስጥ በታመቀ ጎማ ነው የሚተጣጠፈው። ጎማው ሲያረጅ ተሳቢው ዝቅ ይላል፣ እግሩ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ የሚጠገን ነገር የለውም፣ ሙሉ አክስል ነው የሚቀየረው። ቸርኬው 13 ወይም 14 ኢንች ነው፣ ሆዱ መሬት ሊነካ የቀረው። ለአስፋልት ተብሎ የተሠራ ነው። ኮረኮንች መንገድ ላይ የውስጥ ሣጥኖቹ ምስማር ይለቃሉ፣ ከሥር ያለው የውኃ ቱቦም ድንጋይ ይመታዋል።

እዚህ ሲሠራ ልኩን አንቺ ትወስኛለሽ። የማቀርበው ይህን ነው፦ ሣጥኑ 2.4 ሜትር በ1.5፣ ከፍታው 1.2፤ ውስጡ ለመኝታ ብቻ፣ ማብሰያው ከኋላ ተከፍቶ ከውጭ የሚሠራበት። ሁለቱ ልጆች ከጎን በሚዘረጋ ድንኳን ወይም ሃይሉክሱ ላይ ያድራሉ። ሻንሲው 80 በ40፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር አርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ብረት)፤ በሜትር 5 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል፣ 12 ሜትር ቢፈጅ 62 ኪሎ ነው። ወለሉ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ አንዱ ሉህ 20 ኪሎ ገደማ።

የሣጥኑ ልብስ፣ ማለትም የውጭ ሽፋኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ፊትና ኋላው ሲደመር 13 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ 7.85 ኪሎ ስለሆነ 102 ኪሎ ይወጣል። ያው ውፍረት አልሙኒየም በካሬ 2.7 ኪሎ ነው፤ 35 ኪሎ። 67 ኪሎ ከላይ ወረደልሽ፣ ዝገቱም ቀረ። አልሙኒየሙን ከብረቱ ጋር ስታሳስሪ ግን በመካከላቸው የጎማ ወይም የሲካ (ማጣበቂያ) ንጣፍ ይኑር፤ ሁለቱ እርጥበት ባለበት በቀጥታ ሲነካኩ አልሙኒየሙ ይበላል።

አሮጌ የፒክአፕ ኋላ አክስል ከነዲፍሬንሻሉ ልግጠም የሚልሽ ካለ እምቢ በይ። ያለ ጥቅም ክብደት ነው። 45 ሚሊ ሜትር ካሬ ድፍን አክስል፣ ባሌስትራና ባለ 6 ብሎን ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት)፣ የብሎኖቹ ክብ 139.7 ሚሊ ሜትር የሆነ፤ ከሃይሉክስሽ ጋር አንድ ነው። ጎማው አንድ ልክ ከሆነ አንድ ስኮርታ ለሁለቱም ያገለግላል።

ባሌስትራ፦
ስለ ጎማው አክስል ያልከው እውነት ነው። “ለ” ከተገዛ ጎማዎቹን ከኋላ ቆሞ ማየት፤ ላያቸው ወደ ውስጥ ያዘነበለ ከሆነ አክስሉ አልቋል፣ ትቶ መሄድ ነው። ያንተ ሥራ ላይ ደግሞ የምጨምረው አለኝ።

አንደኛ፣ አክስሉ ከሣጥኑ እኩሌታ ላይ አይቀመጥ። ከፊት 60፣ ከኋላ 40 አድርገህ ከመካከል ትንሽ ወደ ኋላ ግፋው። ካልሆነ ማብሰያው፣ ድስቱና ጋዙ ከኋላ ስላሉ ጋንቾው ላይ የሚያርፍ ክብደት አይኖርም። ጋዙን፣ ባትሪውንና ውኃውን ፊት ላይ፣ መጎተቻው አጠገብ አስቀምጣቸው።

ሁለተኛ፣ የመጎተቻው ብረት ላይ በላይና በታች ፊቱ አግድም ብየዳ አይሂድበት። ስንጥቅ የሚጀምረው ከአግድም ብየዳው ጠርዝ ነው፣ ከሣጥኑ ፊት ባለው መገናኛ ላይ። በጎን በርዝመቱ በይደው።

ሦስተኛ ኩሽኔታው። የውስጡ ኤልኤም 67048፣ የውጪው ኤልኤም 11949 የሆነው ጥንድ በብዙ አገር ቀላል ተሳቢ ላይ የተለመደ ነው፤ ለ1,000 ኪሎ አክስል ይሆናል። የትኛውንም ብትመርጥ ከመግጠምህ በፊት ቁጥሩን ይዘህ መለዋወጫ መደብሮቹን ዙር። ከዚያ አንድ ተጨማሪ ጥንድ ከነግሪስ መያዣ ጎማው በካርቶን አድርጋ መኪናው ውስጥ ታስቀምጥ። አገጣጠሙ፦ ኩሽኔታው ውስጡ ድረስ በግሪስ ይሞላል፣ ከላይ መቀባት አይበቃም። ሞዞውን እያሽከረከሩ ዳዶውን አጥብቆ መሳብ፣ ከዚያ እስከ ሩብ ዙር መመለስ፣ በፒኑ መቆለፍ። ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ቆሞ ሞዞውን በእጅ መንካት። ለብ ካለ ደግ ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ወይ ጠብቋል ወይ ግሪስ የለውም።

አራተኛ ፍሬን። ጠቅላላው ከ750 ኪሎ እንዳያልፍ አድርገህ ካልሠራህ ፍሬን ያለው ሞዞ ግጠም። 62 ሻንሲ፣ ወለልና ግድግዳ፣ አክስል፣ ሁለት ጎማ፣ በርና መስኮት ሲደመር ባዶው 400 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል፤ ከ324ቱ ጋር 724 ነው። የተረፈው 26 ኪሎ ነው። እኔ ብሆን ፍሬን አስገባለታለሁ።

ላሜራ፦
ተቀብያለሁ። ፍሬን ይግባ።

ሊብሬ፦
ስለ ወረቀቱ ማንም አላነሣም። እመቤቴ፣ እርስዎ ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ይህን ያድርጉ። ተሳቢ የራሱ ሰሌዳና የራሱ ሊብሬ አለው፤ “በመኪናው ሊብሬ ይሄዳል” የሚል ሻጭ አይመኑ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ። ቁጥሩ በሪቬት የተያያዘ ቆርቆሮ ላይ ብቻ ካለ፣ ወይም ዙሪያው ተሞርዶ አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ ይተዉት።

“ሀ” የጉምሩክ ዲክላራሲዮን እንዳለው ይጠይቁ። ለመኖሪያ ወይም ለካምፒንግ የሚሆን ተሳቢ በታሪፉ 8716.10 ሥር ነው የሚመደበው፤ እንደ ጭነት ተሳቢ ተመዝግቦ ከሆነ ኋላ ስም ሲዛወር ጥያቄ ያስነሣል። ከውጭ እርስዎ ራስዎ የሚያስመጡ ከሆነ ደግሞ ከቀረጡ ሌላ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስ እንዳለ አስበው፣ የታክሱን ስሌት አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ። የኮንቴይነር በር ስፋቱ 2.34 ሜትር፣ ከፍ ያለው ዓይነት ቁመቱ 2.58 ሜትር ነው። አሜሪካኖቹ ብዙ ጊዜ 2.44 ሜትር ስለሚሰፉ አይገቡም፤ በሌላ መንገድ ሲጫኑ ማጓጓዣው በጣም ይወደዳል።

“ሐ” ላይ ብየዳ ሳይጀመር ንድፉን ይዘው ትራንስፖርት ቢሮ ይሂዱ። ልኩ፣ ክብደቱ፣ መብራቱ፣ የሻንሲ ቁጥሩ በማን እንደሚመታ አስቀድመው ይጠይቁ። ሠርቶ ጨርሶ ከመሄድ ይህ በጣም ይቀላል። ኢንሹራንስዎም ተሳቢውን እንደሚሸፍን በውሉ ላይ ይጻፍ።

የዘንዘልማዋ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። “ሀ”ን ትቼዋለሁ። “ለ”ን ነገ ሄጄ አያለሁ፣ ካልሆነ አሠራለሁ። ሳየው ምኑን ልመርምር? ከውጭ ሲታይ ንጹሕ ነው።

ባሌስትራ፦
የመጀመሪያው ጠላት ውኃ ነው። ባሕር ዳር ክረምቱ ብርቱ ነው፤ ውጭ የቆመ ካራቫን የጣሪያው ማጣበቂያ ከተሰነጠቀ ግድግዳው በውስጥ ይበሰብሳል፣ ከውጭ አይታይም። ስትገቢ መጀመሪያ አሽትቺው። ሽቶ የተረጨበት ከሆነ ለምን እንደሆነ ጠይቂ። ማዕዘኖቹን፣ የመስኮቶቹን ሥር፣ የጣሪያውን መክፈቻ ዙሪያና የቁም ሣጥኖቹን ውስጥ በአውራ ጣትሽ ተጫኚ፤ እንጨቱ እሺ ካለሽ በስብሷል። የእርጥበት መለኪያ ካገኘሽ እስከ 15 በመቶ ደኅና ነው፣ ከ20 በላይ ውኃ እየገባ ነው፣ ከ30 በላይ ግድግዳው ተበልቷል። ወለሉ ላይ በተረከዝሽ ሂጂበት፤ የሚዋልል ቦታ ካለ ንብርብሩ ተላቋል።

ጎማውን በጥርሱ አትመኚ። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ አለ፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ከ6 ዓመት ያለፈ ጎማ፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም፣ ቆሞ የደረቀ ነው፤ ቀይሪው። ከዚያ ክሪክ አድርገሽ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘሽ ወዝውዢው። ቢንቀሳቀስ ኩሽኔታው ላልቷል። አሽከርክሪው፤ ቢያጉረመርም አልቋል።

ሌላው በሩ ነው። እኛ በቀኝ ነው የምንነዳው። እንግሊዝ የተሠራ ካራቫን በሩ በግራ ነው፤ መንገድ ዳር ስትቆሙ ልጆቹ የሚወርዱት ወደ ባጃጁና ወደ ሎንቺናው ነው። በሩ በቀኝ ካልሆነ አልመክርሽም።

የጋንቾውን ኳስ ልክ ደግሞ እይው፤ የተሳቢው መጎተቻ ጭንቅላት የሚገጥመው እሱ ላይ ነው። የአውሮፓው ጭንቅላት 50 ሚሊ ሜትር ኳስ ይጎርሳል። የአሜሪካ ባለ 2 ኢንች ኳስ 50.8 ነው፤ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ “ይሄዳል” ይሉሻል። 50ው ጭንቅላት በትልቁ ላይ ይነክሳል፣ የ2 ኢንቹ በትንሹ ላይ ይለቃል። ቁጥሩ ኳሱ ላይ ተጽፏል።

12 ቮልት፦
መብራቱን ለመፈተን የራስሽን መኪና ይዘሽ ሂጂ። የአውሮፓው ባለ 7 ሶኬት ቀለሙ እንዲህ ነው፦ ቢጫ የግራ ፍሬቻ፣ ሰማያዊ የጭጋግ መብራት፣ ነጭ ኔጌቲቭ፣ አረንጓዴ የቀኝ ፍሬቻ፣ ቡናማ የቀኝ ፓርኪንግ፣ ቀይ ስቶፕ፣ ጥቁር የግራ ፓርኪንግ። ፍሬቻ ስትሰጪ ፓርኪንጉም አብሮ ብልጭ ድርግም ካለ ነጩ ሽቦ አልያዘም። ብዙ ሰው አምፖል ይቀይራል፤ መፍትሔው ነጩን ፍቆ ማሰር ነው። በጋንቾው ብረት በኩል ይመለሳል ብሎ መተው አይሆንም፤ ግሪስና ዝገት መካከሉ ይገባል።

ከመኪናው ባትሪ ወደ ተሳቢው ባትሪ ኃይል የሚወስደው ሽቦ ደግሞ አይቅጠን። 8 ሜትር ርቀት ላይ 15 አምፔር በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቢሄድ 1.7 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ባትሪው መቼም አይሞላም። በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር 0.7 ነው። በ6ቱ ዘርጊና ጫፉ ላይ ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር (የወረደውን ቮልት ከፍ አድርጎ ባትሪውን የሚሞላ) ግጠሚ፣ በሁለቱም ባትሪ በኩል ፊውዝ ይኑር።

ሽቅብ ቁልቁል፦
ስለ አነዳዱ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል፤ 2,700 ሜትር ያህል የሆነው ደብረ ታቦር ላይ ሩቡ የለም ማለት ነው። ያንቺ ቱርቦ ስለሆነ በዚያ ልክ አይጎዳም፤ ቢሆንም ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያውን ተከታተይ።

ከዳገቱ ቁልቁለቱ ይከፋል። ከአዲስ ዘመን ወደ ጎንደር፣ አንድ ቀን አዲስ አበባ ከወጣሽም ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የአባይ በረሃ ላይ፣ በግፊት የሚሠራው ፍሬን ቁልቁለቱን ሙሉ ተይዞ ይወርዳል፤ ተሳቢው ዝም ብሎ ስለሚገፋ። ይግላል፣ ከዚያ አይዝም። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ አስገቢና ሞተሩ ይያዝልሽ። ፍሬን ስትረግጪ ጠንከር አድርገሽ ፍጥነቱን አውርጂና ልቀቂው፤ እግር ሳያነሡ መሄድ ነው የሚያቃጥለው።

ተሳቢው ቢወዛወዝ በመሪ ልታርሚው አትሞክሪ፣ ነዳጅም አትጨምሪ፣ ፍሬንም በድንገት አትርገጪ። መሪውን ቀጥ አድርገሽ ያዢና ከነዳጁ ላይ እግርሽን አንሺ። ሲረጋጋ ዳር ይዘሽ ቁሚና ጭነቱን አስተካክዪ። ከ80 በላይ አትንጂ።

የኋላ ማርሽ ባዶ ሜዳ ላይ ተለማመጂ። እጅሽን ከመሪው ታችኛው ጫፍ ላይ አድርጊ፤ ተሳቢው ወደ ቀኝ እንዲሄድ ከፈለግሽ እጅሽን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ከሆነ ወደ ግራ። በትንሽ በትንሹ። መጣጠፍ ከጀመረ ወደ ፊት ወጥቶ እንደገና መጀመር ነው። የጎማ ብሎኖቹን ከ100 እስከ 115 ኒውተን ሜትር አጥብቂና ከ50፣ ከዚያ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ድገሚው። ሲወጡም የመንገዱን ሁኔታ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ በቀን ብቻ ተጓዙ።

ደንገል፦
እህቴ፣ ስለ ማረፊያው እኔ ልንገርሽ። ጣና በመስከረምና በጥቅምት ሞልቶ ግንቦት ላይ ይሸሻል። የሸሸበት ዳር ከላይ ደርቆ የተሰነጠቀ ይመስላል፤ ከሥሩ ጭቃ ነው። መኪናው ያልፍና ተሳቢው ይሰምጣል። በእግርሽ ሂጂበት፣ ተረከዝሽን ወግተሽ እዪ። የፎገራና የደምቢያ ሜዳ ዋልካ አፈር ነው፤ አንድ ዝናብ ከጣለበት ባለ ፎር ዊሉም አይወጣም። ከጠጠሩ አትውረጂ። ርብና ጉማራ በክረምት ስለሚሞሉ በሐምሌና በነሐሴ እዚያ ማደር አይታሰብም።

ጉማሬ ማታ ለግጦሽ ይወጣል። በደንገሉ መካከል ሣሩ የተኛበት ሰፊ መተላለፊያ ካየሽ መንገዱ ነው፤ ከዚያ ራቂ፣ በውኃውና በእሱ መካከል አትቁሚ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ይነሣል፤ የተዘረጋ ሸራ ያለ ገመድ አይተው።

መስኮቱ ሁሉ የወባ ትንኝ የማያስገባ ወንፊት ይኑረው፤ ቀዳዳው ከ1.5 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ለልጆቹ አጎበርም ጨምሪ። ሐይቁ ብልሃርዝያ ስላለበት ልጆቹ ዳር ዳሩን አይዋኙ፣ ውኃውም እንዲሁ አይጠጣ። ባሕር ዳር ላይ ለአንድ ደቂቃ የተንተከተከ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ። የዕቃ እጣቢውን በጀሪካን ያዢው፤ ወደ ሐይቁ አይደፋም። ጣና ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር ነው፣ እምቦጩም የሚወፍረው ከእኛ በሚደርሰው እጣቢና ማዳበሪያ ጭምር ነው።

አንድ ነገር በጣም እለምንሻለሁ። የቡና ከሰል ተሳቢው ውስጥ አይግባ፣ ውጭ ቢዘንብም፣ ፍም ብቻ ሆኖ ጭስ ባይኖረውም። ጭስ የሌለው ከሰል ነው የሚገድለው፤ አይሸትም። ጋዙም ሲሊንደሩ ከውጭ ይሁን። ጋዝ ከአየር ይከብዳልና ወለሉ ላይ የማይዘጋ የአየር ቀዳዳ ያስፈልጋል።

የዘንዘልማዋ፦
“ለ”ን አየሁት። በሩ በቀኝ ነው፣ ወለሉ ጠንካራ ነው፣ ግን ጎማዎቹ ከኋላ ሲታዩ ሁለቱም ወደ ውስጥ አዘንብለዋል፣ የፊት መስኮቱ ሥርም በአውራ ጣት ይገባል። ስለዚህ ላሠራ ነው። ላሜራ፣ የመጎተቻውን ከፍታ በምን ልንወስን? በክረምት አራት ወር ሲቆምስ?

ላሜራ፦
ከፍታው፦ መኪናሽን እንደ ጉዞ ቀን ጭነሽ ደልዳላ ላይ አቁሚና ከመሬት እስከ ኳሱ መካከል ለኪ። በአውሮፓው መለኪያ ከ350 እስከ 420 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሃይሉክስ ከዚያ ከፍ ካለ ኳሱ ዝቅ ብሎ በሚታሰር ሳንቃ ይወርዳል። ሣጥኑ ሲታሰር ቀጥ ብሎ ወይም አፍንጫው በጣም ጥቂት ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። አፍንጫው ከተነሣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። ልኩን አምጪልኝ፣ ባሌስትራውን በሱ እመርጣለሁ።

ለክረምት፦ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይቁም። ሸራ በቀጥታ አልብሰሽ አትዝጊው፣ ከሥሩ ላብ ይይዛል። አፍንጫውን በክሪክ ከፍ አድርጊው፣ የጣሪያው ውኃ ወደ ኋላ ይፍሰስ። ሻንሲውን በአራት ድጋፍ አንሺና ጎማው ክብደት አይሸከም። የእጅ ፍሬኑ ተስቦ አይቆይ፣ ይጣበቃል፤ በታኮ ያዢው። ፍራሹን በጎኑ አቁሚ፣ የፍሪጁን በር ክፍት ተዪ፣ የውኃውን ታንክ አፍስሺ። ባትሪውን ፈተሽ አድርጊ፤ እርሳስ ከሆነ በየወሩ ሙዪው። በአርኤችኤሱ ሥር በየክፍሉ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ እበሳልሻለሁ፣ ውስጡም ፀረ ዝገት ይገባበታል፤ መስከረም ላይ ቀዳዳዎቹ በጭቃ አለመደፈናቸውን በሽቦ እያስገባሽ እዪ።

የዘንዘልማዋ፦
ልኩን ቅዳሜ ይዤ አባይ ማዶ እመጣለሁ። ንድፉን ግን መጀመሪያ ትራንስፖርት ቢሮ አሳያለሁ።

ሊብሬ፦
ሲሄዱ የአክስሉንና የፍሬኑን ደረሰኝ፣ የንድፉን ሁለት ቅጂና መታወቂያዎን ይያዙ።